ያልተጣሉ ሰዎች እርቅ

ዙለይሃ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ተቀጥራ ዓሣ መግፈፍ ከጀመረች ሦስት ወር ሊሞላት አምስት ቀን ቀርቷታል። ሦስት ወሩ የሙከራ ነው። ከዚያ ወዲያ ወይ ቋሚ ትሆናለች፣ ወይ ነጩን ሽርጥ አጥባ መልሳ እናቷ ቤት ትገባለች። ሽርጡን ደግሞ ትወደዋለች፤ ኪሱ ሁለት ነው፣ ጓንቷ በቀኙ፣ መጥረጊያ ጨርቋ በግራው።

ያስቸገራት ሥራው ሳይሆን ሰላምታው ነው። እዚህ አገር ሰው እጅ ለእጅ ከተያያዘ ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠያየቅ አይላቀቅም። ዙለይሃን ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰው እጅ እንደ ሳማ ይለበልባታል። ስለዚህ ጠዋት አንገቷን ደፍታ ትገባና ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ መግፈፍ ትጀምራለች።

የክፍሉ አለቃ እትዬ ረቢያ አንድ ሳምንት ታገሡ። ሁለተኛውን ሳምንት ተብሰለሰሉ። ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሲቃረብ "ይቺ ልጅ ምን በድያት ነው ያኮረፈችኝ?" ብለው ለሽማግሌ ተናገሩ።

ሰኞ ከሰዓት ሸህ ዑበይዱላህና አያ ሽታው መጡ። እነዚህ ሁለቱ የገቡበት ጠብ ሳይበርድ አይቀርም ይባላል። ባዶ የዓሣ ሣጥን ገልብጠው ተቀመጡና ሁለቱን ሴቶች ፊት ለፊት አስቀመጡ።

"ስለ ምን ተጣላችሁ?" አሉ ሸሁ።

"አልተጣላንም" አለች ዙለይሃ።

አያ ሽታው ጢማቸውን አሻሹ። "አልተጣላንም ያለ ሰው ጠቡ የከረመ ነው። አምና ሁለት ወንድማማቾች እንዲሁ ብለውን አራት ቀን ፈጀንባቸው።"

"አራት ቀን መቀመጥ አልችልም። ዓሣው ይበላሻል።"

ሸሁ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ደበቁ። "እንግዲያ ለምን ሰላም አትያቸውም?"

ለዙለይሃ ደሴ ያለው ሐኪም ኦቲዝም ብሎ የጻፈላት ወረቀት እናቷ ሣጥን ውስጥ፣ ከሰርግ ልብሱ ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል። እናቷ "ለማንም እንዳታወሪ፣ ሥራ ያሳጣሻል" ብላታለች። ሽማግሌ ፊት ውሸት እንደማይወራም ያስተማረቻት ይቺው እናቷ ናት። ሁለቱ ቃል ሲጋጩባት ከልጅነቷ የተነገራትን፣ አለመዋሸቱን መረጠች።

"ኦቲዝም የሚሉት ነገር አለብኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ ነው፣ አይጋባም። የሰው እጅ ያቃጥለኛል። ሰላምታው ሲረዝም ደግሞ የአንዱን መልስ ሳስብ ሌላው ጥያቄ ያመልጠኛል።"

"ታዲያ እኔን ጠልተሽ አይደለም?" አሉ እትዬ ረቢያ።

"እወድዎታለሁ። ጫማዎ አይጮህም።"

እትዬ ረቢያ ዝቅ ብለው የላስቲክ ጫማቸውን አዩ። "ወላሂ፣ ንቀሽኝ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ እኮ።"

"ጠብ ከሌለ እኛ ምን ልናስታርቅ ነው?" አሉ አያ ሽታው ግራ ገብቷቸው።

"ሰላምታውን ከልጅቷ ጋር እናስታርቀዋ" አሉ ሸሁ። ወደ እሷም ዞረው "በምን ሰላም ቢሉሽ ይቀልሻል ልጄ?" ብለው ጠየቁ።

እስከዛሬ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ብዙ አሰበች፤ ማንም አላጣደፋትም። ከዚያ በቢላዋዋ እጀታ መክተፊያውን ሁለቴ ኳ ኳ አደረገች። "እንዲህ። መልሱም ይኸው ነው።"

"ጠብ ባይኖርም ዱዓው አይቅር" ብለው ሸሁ እጃቸውን ዘረጉ። አንዱ አሚን፣ ሌላው አሜን አለ።

በማግስቱ ዙለይሃ በሩን ስታልፍ አሥራ አራት ሴቶች ባንዴ መክተፊያቸውን ያንኳኩ ጀመር። ቤቱ ተናወጠ። ጆሮዋን ይዛ እስከ ሐይቁ ቄጠማ ድረስ ሮጠች። አበቃልኝ፣ ሥራዬም ሄደ ብላ ውሃውን ስታይ ቆየች።

እትዬ ረቢያ መምጣታቸው እንኳ አልተሰማትም። ክንድ ያህል ርቀው ቆሙ፤ አልነኳትም።

"አብሽሪ። ወደንሽ ነው። በዛብሽ?"

"በዛብኝ።"

"ለሁላችንም አንድ ሰው ይበቃል። እኔ አንኳኳለሁ፣ ሌላው ሥራውን ይሥራ።"

ዙለይሃ ጓንቷን ከቀኝ ኪሷ አወጣች።

ዓርብ ዕለት የማኅበሩ ሊቀመንበር የቅጥር ወረቀቷን አስፈረማትና እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት እጁን ዘረጋ። እትዬ ረቢያ ከበሩ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጁን ሰበሰበና በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ። ዙለይሃም ሁለቴ መለሰችለትና ዓሣው እንዳይበላሽ ፈጠን ብላ ወጣች።