ሞተሩ ከጠፋ በኋላ

«ለቅሶ ቤት ውስጥ ደግሞ ጌም?» አለች ጎረቤቷ አሳየሽ፣ ንፍሮ የያዘ ሰፌዷን እንዳቀፈች የኮምፒውተር ቤቱ በር ላይ ቆማ።

ማክዳ ዞርም አላለችም። «ድንኳኑ ውስጥ ሐሜት ከተፈቀደ፣ ይሄ ምን አለበት?»

ወንድሟ ሶርሳ ከተቀበረ ወዲህ የሶዶ ሰው ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ «ዕድሜውን በአውሮፕላን ጨዋታ ጨረሰው» እያለ ይንሾካሾካል። አጎቷ ዳልጮ ደግሞ ዛሬ ከጸሎት በኋላ ቆርጦ ተናገረ፤ ለቅሶው ሲያበቃ የሶርሳ ኮምፒውተር ቤት ይዘጋል፣ እሷም ቤሌ ከተማ እሱ ዘንድ ትገባለች። ቁልፉን ከወዲሁ ኪሱ ከቶታል።

አሁንም ዳልጮ አሳየሽን አልፎ ገባ። «ልጄ፣ ያለ እሱ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ይቀመጡ አጎቴ፤ ላሳይዎት።»

ስክሪኑ ላይ ትንሿ አውሮፕላን ተነሳች። ድሮ እዚህ ላይ የሶርሳ እጅ በትከሻዋ በኩል አልፎ ሞተሩን ያጠፋ ነበር። መጀመሪያ ቀን ደንግጣ መሪውን ወደ ራሷ ጎተተችው፤ አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ሽቅብ ቀስራ፣ ተንገዳግዳ፣ እንደ ድንጋይ ወረደች። ሶርሳ በሳቅ ፈረሰ። «ፈሪ ሁሉ ወደ ሰማይ ይጎትታል! አፍንጫውን ዝቅ፣ ፍጥነትሽን ያዢ፣ ሜዳሽን ምረጪ። ሞተር የለሽም እንጂ ከፍታ አለሽ።»

ሐኪሞቹ «ኩላሊቱ አበቃ» ብለው ሲመልሱት፣ ዘመድ ከፈዋሽ ፈዋሽ ሊያዞረው ተነሳ። እሱ ግን እምቢ አለ። ግድግዳ እየተደገፈ እዚሁ መጥቶ፣ ኮምፒውተር ፈትቶ መግጠም አስተማራት። እጁ ሲዝል በአፉ፣ አፉ ሲዝል በዓይኑ።

ማክዳ እጇን ሰደደችና ሞተሩን ራሷ አጠፋችው። ጸጥ አለ።

«ጠፋ እኮ!» ዳልጮ ከወንበሩ ተነሳ። «ሳቢው! ወደ ላይ!»

«ወደ ላይ የሳበ ነው የሚከሰከሰው።»

አፍንጫውን ዝቅ አደረገች። ሜዳው እየሰፋ መጣ። አሳየሽ ሰፌዷን ደረቷ ላይ አጣበቀች። አውሮፕላኗ መሬት ልትነካ ስትል ብቻ ማክዳ መሪውን ቀስ አድርጋ ሳበች፤ ጎማው ሣሩን ዳሰሰ፣ ተንከባለለ፣ ቆመ።

«እሰይ!» አሳየሽን አመለጣት።

«ሶርሳ ሲጫወት አልሞተም» አለች ማክዳ። «እኔን ሲያስተምር ነው የሞተው። ቤቱ አይዘጋም። ቁልፉን ይስጡኝ።»

ዳልጮ ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ ድንኳኑ ወጣ።

አውሮፕላኗን እንደገና አስነሳቻት። ከፍ ስትል፣ ማክዳ ቀኝ ትከሻዋን ትንሽ ዘንበል አደረገች፤ እጁ እንዲያልፍ።