የአባባ ድምፅ ያለበት ዲስክ

«በምን ቆረጥከው?»

«በጥፍር መቁረጫ።»

«ኮምፒውተር በጥፍር መቁረጫ!»

«ኮምፒውተሩን አይደለም እትዬ፣ ሽቦውን ነው። ያቺን ቀጭኗን። ጩኸቱን አልሰማሽማ! ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ... ጆሮ ይበላል እኮ።»

«ጆሮህን ይብላህ! አምስት ወር ሙሉ አፍህን ዘግተህ!»

«ኧረ ሰው ፊት ነው» አለ ጩሉሌ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሰው የተባለው ጠጋኙ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የቤታቸውን ኮምፒውተር ሆዱን ከፍቶ አጋድሞታል። ሁለቱ ዲስኮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ጩሉሌ የቤት ስሙ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱን በበሩ ከገባበት ቀን በአጥሩ የወጣበት ይበልጣል።

«እህት፣ ተረጋጊና ስሚኝ» አለ ጠጋኙ። «እነዚህ መንታ ናቸው። አንዱ ላይ የተጻፈ ሌላውም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው ብቻውን ይሠራል። ማሽኑ ግን ዝም አይልም፤ አንዱ ሞቶብኛል፣ ምትክ አምጡልኝ ብሎ ይጮኻል። እሱ ዝም ያሰኘው ያንን ነው። የቀረው ብቻውን ሲጎትት ከርሞ ባለፈው ሳምንት ተከተለው።»

የጩሉሌ እህት ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ዲስኩን ሁለት አድርጋ ያስገጠመችው እሷው ናት፣ የአባባ ድምፅ እንዳይጠፋ ብላ። ሐኪሞቹ የአባባን ማንቁርት ለማውጣት ቀጠሮ ሲይዙ፣ አስቀድሞ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓረፍተ ነገር አንብቦ ከተቀረጸ ስልኩ በገዛ ድምፁ ሊያወራለት እንደሚችል ሰማች። አባባም የውጭ ድምፅ እንዳይገባበት አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ብርድ ልብስ መሐል ተወሽቆ አነበበ። ከዚያ ኦፕሬሽን። ከዚያ ቁስሉ አመረቀዘ፣ ሆስፒታል መመላለስ መጣ። ቅጂውን ድምፁን ለሚሠሩት ባለሙያዎች ዛሬ እልካለሁ ነገ እልካለሁ ስትል አምስት ወር አለፈ። እስከዚያው አባባ ስልኩ ላይ ይጽፋል፣ ስልኩ በሴት ድምፅ ያነብለታል። ጩሉሌ ሴትየዋን «እንጀራ እናቴ» ነው የሚላት።

«ምንም አይተርፍም?» አለች እህቱ።

«በኋላ የሞተው አልቆለታል፤ መርፌው ፊቱን ፈግፍጎታል። ቀድሞ የሞተው ግን የተቃጠለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳው ብቻ ነበር። ከእሱው ዓይነት አሮጌ ዲስክ ሰሌዳ ነቅዬ፣ ትንሿን ቺፕ አዛውሬ በየድኩለት። ነቅቷል።»

ብድግ አለች።

«ቁጭ በይ። እሱ ላይ ያለው እስከሞተበት ቀን የተጻፈው ብቻ ነው። መጮኽ የጀመረው መቼ ነው?»

ሁለቱም ወደ ጩሉሌ ዞሩ።

ውሸት ለጩሉሌ ከብዶት አያውቅም። አሁን ግን አንዲትም አልመጣችለትም። የመጣበት ያ ጠዋት ነው። አባባ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ «ዛሬ ትንሽ ደህና ነኝ» የሚለውን ሲጀምር፣ ጢጥ። ደግሞ ሲጀምር፣ ጢጥ። በሦስተኛው «አንተ! ይሄ ነገር ድምፄ ውስጥ እየገባ ነው፣ ዝም አሰኝልኝ!» አለ። ጩሉሌ የኮምፒውተሩን ክዳን ከፈተ፣ ሽቦዋን በጣቱ ተከትሎ ደረሰባት፣ ቀጭ አደረጋት። ከብርድ ልብሱ ውስጥ «ጎበዝ!» የሚል ድምፅ መጣ። አባባ ጎበዝ ብሎት አያውቅም ነበር።

«አባባ ማንበብ በጀመረ በሁለተኛው ቀን» አለ ጩሉሌ። «ቅጂውን እየረበሸ ነበር... ጥርት እንዲል ብዬ ነው።»

እህቱ ፊቷን ከእሱ አዙራ ወደ ዲስኩ ተመለከተች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ጠጋኙ የተረፈውን የመጀመሪያውን ቀን ቅጂ ከፈተው። አባባ ከች አለ፣ ሻካራው፣ ቁጡው አባባ፤ «እንደምን አደራችሁ። በሩን ዝጋው። ውሃ ስጡኝ።» ከየዓረፍተ ነገሩ ሥር ግን አንድ ሰው ይንከተከታል። ጩሉሌ ነው። ያን ቀን በቁም ሳጥኑ በር እያጮለቀ አፉን ሲያጣምም፣ ሲያሾፍ ነበር የዋለው።

«ሳቅ የሌለበት ስድስት ነው» አለ ጠጋኙ፣ ዓይናቸውን ሳያይ። «በስድስት ዓረፍተ ነገር ደግሞ ድምፅ አይሠራም።»

ቤት ሲደርሱ አባባ መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ነበር፣ አንገቱ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ። እህቱ ቅጂውን ከፈተችለት። አባባ አንገቱን ሰበር አድርጎ አዳመጠ። አለቀ። በጣቱ «ድገሚው» አላት። ደገመችው።

ጩሉሌ እግሩ ሥር ቁጢጥ አለ። «አባባ፣ የቀረው ይሄ ብቻ ነው። ያኔ የሚጮኸው ዲስኩ ሞቶ ነበር። እኔ ነኝ ያፈንኩት። ድምፅህን የገደልኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ አለቀሰ። እህቱም ከኋላው ተንሰቀሰቀች።

አባባ ስልኩን አነሳ። ጻፈ። አጠፋው። ደግሞ ጻፈ። ጩሉሌ እርግማኑን ሊቀበል አንገቱን አቀረቀረ። አባባ ስልኩን ተጫነው፤ ሴትየዋም በዚያ ለስላሳ፣ ግድ በሌለው ድምጿ አነበበችው፦

«ለዚህ ድምፄ ነው የምታለቅሱት? ዝጉልኝ፣ ያስጠላል።»