የይኄይስ የርክክብ ደብተር

የሰው ልጅ ከሥራው ቢሰናበት እጁ ዕረፍትን ያገኛል፤ ለዘመናት የሠለጠነው ልማዱ ግን አለቃ ሳያዘው፣ ደወልም ሳይጠራው በየማለዳው ተነሥቶ ይሠራል። እኔ በዕድሜ የገፋሁ፣ በትምህርትም ከአራተኛ ክፍል ያላለፍሁ የውኃ ፓምፕ ዘበኛ ነበርሁና፣ ቀኑን ወይም ቁጥሩን ብስት፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ በትዕግሥትና በርኅራኄ እለፈኝ።

የከተማችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዐሥራ አንድ መሐንዲሶችንና ሁለት ኬሚስቶችን በአንድ ጠዋት ባሰናበተ ጊዜ፣ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ትሑቱና ትጉሁ መሐንዲስ ይኄይስ ቢተው፣ ፈረቃው ይጀምር በነበረበት በአንድ ሰዓት ቱታውን ለብሶ፣ የከተማውን የውኃ ፓምፕ ወደምጠብቅበት ወደ እኔ መምጣት ያዘ። ከአጥሩ ውጭ በሚያልፈው ቧንቧ ላይ ዱላ አስደግፎ፣ ጫፉን ከጆሮው አጋጥሞ የፓምፑን ድምፅ ያዳምጣል፤ የሰማውን በደብተር ይጽፋል፤ በፋብሪካውም ሥርዓት «ያስረከበ» ከሚለው ሥር ፈርሞ፣ «የተረከበ» ከሚለው ሥር እንድፈርም ይለምነኛል። ፊርማ የሚያስፈራኝ ሰው ነኝና ሁለት ሳምንት እምቢ አልሁ፤ ኋላ ግን እንዳይከፋው ብዬ ፈረምሁ። ባለቤቱ ወይዘሮ ትርሲት «ጠዋት ጠዋት እየሄድክ የምትጠይቀው፣ ፓምፑ የታመመ ዘመድህ ነው?» እያለች ትቀልድበት ነበር። እርሱ ግን እስከ መስከረም ሠላሳ ሥራ ካላገኘ ሙያውን ትቶ በሩቅ ከተማ የወንድሟን የጫማ መደብር ሊጠብቅ ቃል ስለ ገባ፣ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ሳቁ እያነሰ ሄደ።

ሦስት ቀን ሲቀረው ፓምፑ ቀጥ አለ። የውኃ አገልግሎቱ ኃላፊ አቶ መንክር መጥተው፣ ምክንያቱ ስላልታወቀ ሁሉን ፈትተው ሊመረምሩ ቆረጡ፤ ከተማይቱም ሳምንት ሙሉ ውኃ ልታጣ ሆነ። ድምፁ መቼ እንደ ተለወጠ ሲጠይቁኝ፣ ባዕድ ሰው አስጠጋህ ብለው እንዳያባርሩኝ እየፈራሁ፣ ከፍራሼ ሥር የደበቅሁትን ደብተር ሰጠኋቸው። «የኋለኛው የዘንግ ኩሽኔት ያፏጫል፤ ይለወጥ» የሚል ቃል ከመስከረም ዘጠኝ ጀምሮ በየቀኑ ተጽፎ፣ ከሥሩም የእኔ ፊርማ ነበረበት።

«ጋሽ ምሕረቴ፣ የተረከቡት እርስዎ ነዎት?»

«አዎን ጌታዬ፤ ግን የተረከብሁት ወሬውን ብቻ ነው።»

«ያስረከበውስ የማን ተቀጣሪ ነው?»

«የማንም አይደለም።»

አቶ መንክር ደብተሩን ዘግተው ሳቁ። ኩሽኔቱ ብቻ ተለውጦ ውኃው በዚያው ቀን መጣ፤ አቶ መንክርም ሊቀጥሩት ስለ ወሰኑ፣ ይኄይስን እንድጠራ ተላክሁ። ሻንጣውን ሲያስር ደረስሁበት። መቀጠሩን ብነግረው አልዘለለም፣ አላለቀሰም፤ «የነገ ፈረቃ በስንት ሰዓት ይጀምራል?» አለኝ። ትርሲት ግን «በል፣ ዘመድህ ድኗል» ብላ ሻንጣውን ራሷ ፈታችው።

ከዚያ ወዲያ ጡረታ ወጥቼ ልጄ ዘንድ ሄድሁ። የመጨረሻውን ወሬ የሰማሁት በግንቦት፣ በአንድ ረቡዕ ነው፤ ይኄይስ ከተሰናበቱት ኬሚስቶች አንዱን ለውኃው ምርመራ አስቀጥሮ፣ በየጠዋቱ ደብተሩን ሁለቱ ይፈራረሙበታል አሉኝ። ሰውን ከመዝገብ መፋቅ ለአለቃ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሥራን ከሰው ልብ መፋቅ ግን ለማንም አልተሰጠም።