አንድ የጎደለው ቅዳሴ

«እምዬ፣ ብሄድ እመለሳለሁ?»

እማማ ጥሩብርሃን የልጅ ልጃቸውን ጥያቄ ሰምተው ዳዊታቸውን ከደኑ። «አዎ» እንዳይሉ ማን ዋስ ሆኗቸው? «አትመለስም» ማለትስ ከአያት አፍ እንዴት ይወጣል? በዚህ ክረምት ደብረ ማርቆስ ላይ ዋጋው ከሁሉ ነገር የተወደደው መልስ ነው።

የልጅ ልጃቸው አንሙት ዲያቆን ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አቋርጦ እሳቸው ጋ ከገባ ጀምሮ የግቢውን በር አልፎ አያውቅም። እሱማ ያልፍ ነበር፤ እሳቸው ናቸው ያላሳለፉት። ወጣት መሆን ብቻውን በሚያስጠይቅበት ጊዜ አንዱ ታጣቂ ወገን «ከነዚያ ነህ» ብሎ ቢይዘው፣ ሌላው «ለምን ከእኛ አልሆንክም» ቢለው ምን ይመልሳል? ሲያስል እንኳን «ቀስ በል፣ መንገድ ላይ ይሰማል» ይሉታል። እሳቸውም ቢሆኑ ጥግ ላይ ካለችው ሱቅ አልፈው አይሄዱም። ሁለቱም አንድ መስኮት ባለው ቤት ውስጥ፣ መስኮቱንም በብርድ ልብስ ጋርደው፣ የሰው ኮቴ ሲያዳምጡ ይውላሉ።

ትናንት ከሰዓት ግን ቄስ አስማማው መጡ። የጎረቤታቸው የሥራነሽ ልጅ ዛሬ እሑድ አርባው ነው፤ ክርስትና ተነሥቶ ይቆርባል። ለመቁረቡ ደግሞ ቅዳሴ ያስፈልጋል፤ ቅዳሴ ያለ ሁለት ቄስና ያለ ሦስት ዲያቆን አይሆንም። ከዲያቆናቱ አንዱ ወላጆቹን ሊጠይቅ ደብረ ወርቅ ወርዶ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል።

«ጺሜን ተላጭቼ ዲያቆን እንዳልሆን የቄሱ ቦታ ይጎድላል» አሉ ቄሱ። የሳቀላቸው የለም። አንሙት «እመጣለሁ» አለ፤ ዓይኑ ግን ከተጋረደው መስኮት አልተነሣም። ቄሱ ሲወጡ ለእማማ ብቻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሕፃኑ ጤና እንደሌለው፣ ለሚቀጥለው እሑድ መድረሱን እንደሚጠራጠሩ ነገሯቸው።

እማማ ጥሩብርሃን ከዚያ ወዲያ አንድ ክፉ ሐሳብ ሲያባብሉ አደሩ። ቀዳሽ ከማታ ጀምሮ እህል ውሃ አይቀምስም፤ ከቀመሰ መቅደስ አይገባም። ሲነጋጋ፣ እንቅልፍ ሳይለቀው፣ ውሃ ቢያቀብሉትስ? ሲነቃ መጠጣት ልማዱ ነው፤ ሳያስበው ይጎነጫል። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ ልጁ ብቻ ከቤት ይዋልልኝ አሉ። ዳዊታቸውን ገለጡ። ስድስተኛ ክፍል የደረሱ ናቸውና ማንበቡ አያቅታቸውም፤ ያን ሌሊት ግን ዓይናቸው አንድ መስመር ላይ ተቸንክሮ ቀረ።

ልጁ ቀድሟቸው ነቃ። ብሄድ እመለሳለሁ ወይ ብሎ የጠየቃቸው ያኔ ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«የትናንቱ ዳቦ አለ?»

«ምን ልታደርገው? ዛሬ ቀዳሽ አይደለህ?»

«ከበላሁማ አልቀድስም። ቄሱንም አልዋሻቸውም፤ በላሁ እላለሁ፤ እውነት ነው።»

የራሳቸው ሐሳብ ነው። ከልጁ አፍ ሲሰሙት ግን መጥፎነቱ ጎልቶ ታያቸው። ከበሮ ሲይዝ ቤተ ክርስቲያኑ ይጠበው የነበረ ልጅ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከጥይት እደብቀዋለሁ ሲሉ ፍርሃታቸውን እንደ ጡት አጥብተውታል።

ዳቦውን አመጡና ፊቱ አስቀመጡለት።

«ብላ፤ አልቆጣህም። እኔ ሄጄ ለቄሱ ልንገራቸው። ሥራነሽ የታመመ ልጅ ታቅፋ በከንቱ እንዳትወጣ።»

«አንቺ? በአስፋልቱ?»

«ሌላ መንገድ ሠርተውልኛል?»

«ትናንት እንኳን ተተኩሷል፣ እምዬ።»

«ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ገና አላረጀም።»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ እንጂ። ፈርቼስ የት ደረስኩ?» ጫማቸውን አጠለቁ። «እስከ ዛሬ የጠበቅሁህ እኔ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ። እኔ በር ዘጋሁ እንጂ የጠበቀህስ እሱ፣ የላዩ ነው።»

አማተቡ። ለዚያ ክፉ ሐሳባቸው ይቅርታ ለመኑ፤ ስለ ልጁ ደግሞ «የአንተ ነው» አሉ በልባቸው። ከዚያ በላይ ጸሎት አልመጣላቸውም። ልባቸው ግን፣ ለራሳቸውም ገረማቸው፣ ጸጥ ብሏል። ከዚህ በር ወዲያ ያለው ሁሉ ትናንት የነበረው ነው፤ ወታደሩም፣ ተኩሱም፣ ባዶው አስፋልትም። እነሱ አልተለወጡም።

እጃቸውን በሩ ላይ እንዳሳረፉ ከኋላቸው አልጋው ሲጢጥ ሲል ሰሙ። አንሙት ነጠላውን መስቀለኛ እያጣፋ መጣ። ዳቦው እንደተቀመጠ ነው። እጃቸውን በሁለት መዳፉ ይዞ ከበሩ ላይ ቀስ አድርጎ አነሣ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑም ወጣ።