ከሾላው ወዲህ የወደቀ ድንጋይ

እና ይኸው ክንዱን ነው የሚያዩት፣ ድንጋዩን ያየ አንድ ሰው የለም፣ አራት ሽማግሌ፣ ስምንት ዓይን፣ ሁሉም የካሴ ክንድ ላይ፣ አይ ጉልበት፣ የአንገቱ ሥር ተገታተረ እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ፣ ይባባላሉ፣ ድንጋዩ ከሾላው ወዲህ ሃያ እርምጃ ቀርቶት ጭቃው ውስጥ ጥልቅ ብሏል፣ ባሏ የሞተባት የይርገዱ ላም ዓይኗ የፈሰሰው ደግሞ ሾላው ሥር ቆማ ነው፣ ስለዚህ ካሴ ነጻ ነው። ነጻ። እንዲህም አድርጎ ፍርድ የለ።

ዝቅ አድርጎ ነው እኮ በወንጭፍ የወረወረው፣ በደረቱ ትክክል፣ አውቆ፣ ይኸን የሚያህል ነገር ሰው እንዴት አያይም፣ ድንጋይ ከእጅ ከወጣ ሁለት ጌታ ነው ያለው፣ አንዱ ወደፊት ይነዳዋል፣ ሌላው ቁልቁል ይስበዋል፣ አንዱ የሌላውን ሥራ አይጠብቅም፣ ካሴ ወፍ በሚጠብቅበት ማማ ላይ ሆኖ ስንት ዓመት ያየው ነው፣ ከእጁ ሾልኮ የወደቀውና እሱ በደረቱ ትክክል ያስፈነጠረው እኩል ነው መሬት የሚነኩት፣ ጉልበት መሬትን አያዘገያትም፣ አየር ላይ የሚቆየው ሽቅብ የተለቀቀው ነው፣ ያውም በልኩ፣ ከበዛ ተመልሶ የራስ አናት ላይ ነው፣ እኩሌታው ላይ፣ በአዝመራውና በሰማዩ መካከል የተለቀቀው ነው ሩቅ የሚሄደው። ጣሊያን ያቺን አጭር መድፉን ወደ ሰማይ አንጋጦ ሲተኩስ ሰዉ እግዜርን ሊወጋ ነው ብሎ ሳቀ፣ ጥይቷ ከጉብታው ማዶ ወረደች፣ ሳቁም ቀረ፣ እነዚህ ሽማግሎች እዚያ አልነበሩም እንዴ፣ ነበሩ፣ ሮጠዋል፣ አላዩም።

ማክሰኞ ለት ግሪሳው ከማሽላው ብድግ ሲል ካሴ ማማው ላይ ሆኖ ወንጭፉን እኩሌታው ላይ ለቀቀ፣ ድንጋዩ ወፉን አልፎ ሄደ፣ ወዲያው የላም ጩኸት። ጥፋተኛው ላም በላም ይተካል ተብሏል፣ ካሴ ደግሞ ያለችው ላም ቦራ ብቻ ናት፣ ሚስቱ ጸሐይነሽ ልጆቹን የምታሳድርባት፣ ዝም አለ እንግዲህ፣ ምን ያድርግ። በፎገራ ሜዳ ድንጋይ ከየት ይመጣል፣ ቢቆፍሩት ጥቁር አፈር ነው፣ የወፉን ድንጋይ ከይፋግ በኩል በአህያ ጭነው ያመጡት እሱና ጎረቤቱ ማረው ናቸው፣ ባንድ ስልቻ፣ ላሟ እግር ሥር የተገኘው ከሁለቱ ማማ ካንዱ ነው፣ ከየትኛው ግን አልታወቀም፣ ከሽማግሎቹ አንዱ መምሬ ገብረ ኪዳን፣ በታቦት አናስምልም፣ ነፍስ ይጎዳል፣ ሁለቱም ይወርውሩ፣ ሾላው የደረሰለት እሱ ነው፣ አሉ። ከማማው ላይ ነው አባቴ? አለ ካሴ። የለም ልጄ፣ ከማማው ላይማ የማማው ጉልበት ነው፣ እኛ የምንፈልገው ያንተን፣ ከመሬት ወርውር። ካሴ ሊስቅ ፈለገ፣ ደግሞ ነደደው፣ ሰው እንዴት ለሚያታልለው እንዲህ ይመቻቻል።

አሁን የማረው ተራ ነው። ዝቅ አድርግ፣ ዝቅ አድርግ አንተ ሰው፣ ይላል ካሴ በሆዱ፣ ማረው ግን የዋህ ነው፣ እንደ ልማዱ ሁለቴ አዙሮ እኩሌታው ላይ ይለቃል፣ እንደ ዋዛ፣ ድንጋዩ ሄዶ ሄዶ ሾላው ሥር ቷ። ተገኘ፣ ይላሉ ሽማግሎቹ። ማረው እጁን ያያል፣ እኔ እንጃ፣ ማክሰኞ በዚያ በኩል የወረወርሁም አይመስለኝ፣ ግን ይኸው ደረሰ፣ እንግዲያ እኔው ነኝ፣ ጊደሬን ትውሰድ፣ ለገና ትወልዳለች። እንግዲያ እኔው ነኝ ይላል ደግሞ፣ ተከራከር እንጂ፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ፣ ድንጋይ መሰከረብኝ ብሎ ራሱን የሚጠራጠር፣ ካሴን የሚያቃጥለው ይኸ ነው፣ ቢሰድበው፣ ካሴም ከማማው ይወርውር ብሎ ቢሟገት ይቀለው ነበር፣ ባንድ አህያ ኋላ ከይፋግ ድረስ አብረው የመጡ፣ ቆሎውን እያካፈለው። ኤዲያ።

ካሴ ወንጭፉን ያነሳል። መምሬ፣ አንድ ልድገም። ለምን ልጄ፣ ነጻ ወጥተህ። አይ፣ አንድ ልድገም፣ ያዞራል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ቦራ ትዝ ትለዋለች፣ የልጆቹ የወተት ቅል፣ አሁንም ዝቅ ማድረግ ይችላል፣ ማን ያውቃል፣ ማንም፣ ክንዱ ሳያማክረው እኩሌታው ላይ ይለቃል። ወጣ። ይወጣል፣ እየደከመ ይወጣል፣ አናቱ ላይ የቆመ ይመስላል፣ አልቆመም፣ ወደፊቱን አልተወም፣ ና ተመለስ ቢለው የት ይሰማል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፣ ከእጅ የወጣውስ፣ ከእንግዲህ ክንዱ ምንም አያገባው፣ ድንጋዩ ሾላውን ከነቅርንጫፉ አልፎ ማዶ ውሃው ውስጥ ይገባል።

ማረው ወደ ውሃው አያይም። ቅድም ዝቅ አድርገህ ነው፣ ኣ፣ ይላል ቀስ ብሎ። አዎ። ማክሰኞስ። ማክሰኞ እንዳሁኑ እኩሌታው ላይ፣ ለወፍ ቀለል አድርጌ፣ ይላል ካሴ፣ ያውም ከማማው ላይ። ይርገዱ አንገቷን ትደፋለች፣ ቦራን ካሴ ራሱ ነው ጎትቶ የሚያስረክባት፣ ዛሬውኑ፣ ለጸሐይነሽ ምን እንደሚላት እንጃ፣ መምሬ ገብረ ኪዳን ግን፣ አይ ጉልበት፣ ቅድም እንዲያ ተገታትሮ ያልደረሰ፣ አሁን ከየት አመጣው፣ እያሉ አሁንም ክንዱን ነው የሚያዩት።