ያልቆመው አረፋ

ባለቤቴ በኬክ ቤቷ ውስጥ እንቁላል የምትመታበትን ጎድጓዳ ሳህን ማንም እንዲያጥበው አትፈቅድም። «እኔ ካላጠብኩት አይጠራም» ትላለች። ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ፀጉሬ የሸበተው እኔ ባሏ እንኳ ስፖንጁን አልነካም።

ያን ቀን ታናሽ እህቷ ከሦስት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ብቅ አለች። ልጇን ልትድር ነው፤ ኬኩን እህቷ እንድትሠራላት ከራሷ ዶሮዎች እንቁላል ይዛ ነው የመጣችው። ታናሽየው አስኳሉን ከነጩ ስትለይ፣ ታላቅየው መምቻውን ስታስነሳ፣ ጎን ለጎን ቆመው ሳያቸው ነገሩ ያለቀለት መሰለኝና ደስ አለኝ።

ነጩ ግን አልቆም አለ። ትንሽ ይነፋና መልሶ ውኃ ይሆናል። ሁለተኛው ዙርም እንደዚያው።

«አስኳል አስገብተሽበታል» አለች ባለቤቴ።

«ጠብታ አልገባም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እንቁላልሽ አሮጌ ነው። ድሮም አንቺ የነካሽው ነገር አይቃናም!»

ይህችን የመጨረሻዋን ባትናገራት ምን ነበረበት! እህቷ ሽርጡን ፈታች፣ አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። «ለልጄ ሌላ ቦታ አሠራለሁ» ብላ ወጣች። በር ላይ ብለምናትም «ተወኝ፣ ወንድሜ» አለችኝ።

ተመልሼ እንቁላል ያልነካውን የሳህኑን ጠርዝ በጣቴ ስዳብሰው አሟለጨኝ። ከፋብሪካ ያመጣሁላት አዲሱ ወፍራም ሳሙና ነው፤ በደንብ አልለቀቀም። ምነው እጄን በሰበረው!

«የእንቁላሉ ፕሮቲን እርስ በርሱ ተያይዞ ለአረፋው ስስ ቆዳ ይሆነዋል» አልኳት። «ሳሙና ካለ ግን እየገፋ ቦታውን ይነጥቀዋል፤ አረፋውም ይፈርሳል። እህትሽ ምንም አላጠፋችም።»

አላመነችኝም። ሳህኑን በፈላ ውኃ ደጋግማ አለቀለቀች፣ አድርቃ የቀሩትን እንቁላሎች መታች። ነጩ ተነሣ። ሳህኑን ብትገለብጠው እንኳ የማይፈስ ሆኖ ቀጥ አለ። እንደዚያ የሚያምር አረፋ አይቼ አላውቅም። የባለቤቴ ፊት አመድ መሰለ።

ደወለች። እህቷ ስታነሳው ከጀርባዋ የአውቶብስ ሞተር ይሰማ ነበር።

«ቆመ» አለች ባለቤቴ። ስለ ሳህኑ ልትነግራት ስትል እህቷ ቀደመቻት።

«እኔ ስወጣ ቆመ በይኛ» አለች እህቷ ቀስ ብላ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ እትዬ።»

ዘጋችው።

«ሳህኑ እኮ ነው! እኔው ነኝ ያጠብኩት!» አለች ባለቤቴ ለተዘጋው ስልክ። ደግማ ደጋግማ ደወለች። የሚያነሳ የለም።