የወንድምአገኝ ብረት

አያ ክንዱ ሞረዱን ከኮታቸው ኪስ ሲያወጡ፣ የትነበርሽ የያዘችው የንፍሮ ሳህን ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ባሏ ወንድምአገኝ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቁስቋም ሰፈር የተተከለው ድንኳን በለቀስተኛ ጢም ብሏል። እንደ ወጉ የሟች ዕቃ ፊት ለፊት ተደርድሯል፦ ፎቶው፣ የወታደር ልብሱ፣ መለዮው፣ ለሰላም ማስከበር ባሕር ተሻግሮ ሳለ ያመጣት ጥቁር ብረትም። ጡጫ አታክልም፤ ክብደቷ ግን ጉድ ያሰኛል። አማቷ እናኑ ሙሾ ባወረዱ ቁጥር አንስተው ይስሟታል። ዛሬ ደግሞ አንጥረኛውን አያ ክንዱን አስጠርተው፣ ፋሲካ ለምትባለው ትንሽ የልጅ ልጃቸው ከብረቷ የአንገት መስቀል እንዲያወጡላት ለምነዋል።

«አባቷ ከደረቷ አይለይ» አሉ እናኑ።

«ሸጋ ብረት ናት። እስቲ ውስጧን ልያት» አሉ አያ ክንዱ።

ስማቸው፣ የባሏ የጦር ጓደኛ፣ ጠዋት ያቺን ብረት ሲያያት ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የትነበርሽን ወደ ጓሮ ጠርቶ፣ «ከተቃጠለ ታንክ ውስጥ የለቀማት ናት» አላት በሹክሹክታ። «ታንክ የሚበሳ ጥይት ስባሪ ናት፤ ዩራኒየም ይሉታል። አቧራውን እንዳትስቡ፣ ኩላሊት ይጎዳል ያሉን ኋላ ነው፤ እኛ ግን ስንጠርገው ከርመናል።»

«እሱን የገደለው ይኼ ነው?»

«እኔ እንጃ። ሐኪሞቹም ቁርጡን አልነገሩን። ብቻ ማንም እንዳይሞርዳት፣ አደራሽን!»

ወንድምአገኝ ተረበኛ ነበር። ለእረፍት ሲመጣ ጎረቤቱን ሰብስቦ ብረቷን በድንጋይ እየፈገፈገ ብልጭታ ያወጣባታል፤ «ጎንደር እንዲህ ያለ ክብሪት አላት?» እያለ። የትነበርሽ ከሰው ሁሉ በላይ ትስቅ ነበር። ከሻንጣው ያወጣችውን ልብስም በእጇ አሽታ ስታጥብ ውሃው ጥቁር ይሆናል፤ የሰው አገር አፈር ነው ብላ ትደፋዋለች። አሁን ያ ሳቋ ያንገበግባታል።

ባሏ ታሞ ፊቱና እግሩ ሲያብጥ ደግሞ እናኑ ጣታቸውን የቀሰሩት በእሷ ላይ ነው። ትናንት እንኳ በለቀስተኛ ፊት፣ «ምን አብልተሽው ነው ልጄን እንዲህ ያበላሸሽው?» ብለዋታል። ዛሬ ብትናገር ጥፋቷን በብረት አሳበበች ይሏታል። ዝም ብትል ልጇ ከሞረዱ አጠገብ ናት።

ሞረዱ ብረቷን ነካ። ብልጭ አለ።

«አባዬም እንዲህ ያደርጋት ነበር!» ብላ ፋሲካ ለማየት ጎንበስ አለች።

የትነበርሽ ሳህኑን ጥላ ዘለለች፤ ንፍሮው ተበተነ። «ይተዉ አያ ክንዱ! አቧራዋ መርዝ ነው!» ልጇን ጎትታ ከኋላዋ አደረገቻት።



«ምነው፣ አበድሽ?» እናኑ ተነሡ። «ልጄን መጨረስሽ አንሶ ማስታወሻውን መርዝ አልሽው?»

«እኔን እንደፈለጉ ይበሉኝ፣ እማማ። ልጅቷን ግን አላስነካም።»

«እውነቷን ነው» አለ ስማቸው ከጥግ። «እኔም አብሬው ነበርኩ።»

እናኑ አተኩረው አዩት። «አንተስ ደህና ነህ?»

ስማቸው ብረቷን በጨርቅ ጠቅልሎ በጣሳ ከደናት፤ ለሚያውቁት አስረክባለሁ ብሎም ይዟት ወጣ። አያ ክንዱ እጃቸውን በኮታቸው ሊጠርጉ ብለው ተዉት።

ፋሲካ ፈርታ እያለቀሰች ወደ አያቷ እጇን ዘረጋች። እናኑ ሊያቅፏት ብለው መዳፋቸውን አዩና ወደ ኋላ ሸሸጉት።

«ውሃ» አሉ።

የትነበርሽ በጆግ አምጥታ አስታጠበቻቸው። «ጨምሪ» አሉ። ጨመረች። ልጃቸውን የሳሙ እየመሰላቸው ብረቷን ሲስሙበት የሰነበቱትን ከንፈራቸውን ደጋግመው አሹ፤ እንባቸው ከውሃው ጋር ይወርዳል።

«ልብሱንስ ማን ነበር የሚያጥብለት?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔው ነኛ፣ እማማ።»

እናኑ ጆጉን ተቀበሏት። «እጅሽን አምጪ» አሉና ጎንበስ ብለው ያፈሱላት ጀመር።